«ኤቢሲ» ብቻ አይበቃም፦ በሲ የተጻፈ የሀሽ ኮድ እንዴት ይፈተሻል?

የደመወዝ ማስያ ፕሮግራም ሲሳሳት ወር ሳይሞላ ይታወቃል፤ ገንዘቡ የጎደለበት ሠራተኛ ዝም አይልም። ሀሽ የሚባለው ስሌት ሲሳሳት ግን የሚጮኽ የለም። ትክክለኛው ውጤትም የተሳሳተውም ለዓይን ያው ናቸው፤ ሁለቱም ትርጉም የሌለው የሚመስል የቁጥርና የፊደል ድርድር ናቸው። የትኛው ትክክል እንደሆነ አይቶ የሚለይ ሰው የለም። ታዲያ ስህተቱን በመልኩ የማያሳይ ኮድ እንዴት ይፈተሻል? መልሱ የሚመለከተው ኮድ ጸሐፊዎችን ብቻ አይደለም፤ የይለፍ ቃል ያለውን፣ በስልኩ ገንዘብ የሚልከውን ሁሉ ይመለከታል።

ሀሽ ምን ይሠራል?

ሀሽ ማናቸውንም መረጃ ተቀብሎ ቋሚ ርዝመት ያለው ቁጥር የሚያወጣ ስሌት ነው። መረጃው አንዲት ፊደልም ይሁን ሙሉ ፊልም፣ በብዛት የሚሠራበት ሻ-256 የሚሰጠው ውጤት ሁልጊዜ 256 ቢት ነው። በተለመደው አጻጻፍ 64 ምልክት ይሆናል።

ከጥሩ ሀሽ ሦስት ነገር ይጠበቃል። አንደኛ፣ አንድ መረጃ በየትኛውም ማሽን ላይ፣ በየትኛውም ጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት መስጠት አለበት። ሁለተኛ፣ ከመረጃው አንዲት ቢት ብትለወጥ ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ መሆን አለበት። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ቃል ናቸው፤ ለሀሽ ግን ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት መልእክቶች ናቸው። ሦስተኛ፣ ከውጤቱ ተነሥቶ መረጃውን ማግኘት ወይም አንድ ውጤት ያላቸውን ሁለት የተለያዩ መረጃዎች መፍጠር በተግባር የማይቻል መሆን አለበት።

በዚህ ባሕርይው ምክንያት ሀሽ የማይገባበት የኮምፒውተር ሥራ ጥቂት ነው። በአግባቡ የተሠራ ድረ ገጽ የይለፍ ቃላችንን ራሱን አያስቀምጥም፤ የሚያስቀምጠው ሀሹን ነው። ስልካችን የሶፍትዌር ማሻሻያ ሲያወርድ ፋይሉ በመንገድ ላይ እንዳልተነካ የሚያረጋግጠው በሀሽ ነው። በኤሌክትሮኒክ ፊርማም በቀጥታ የሚፈረመው የሰነዱ ሀሽ ነው። ኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010ን ካወጣች ወዲህ ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ሁለት የተለያዩ ውሎች አንድ ሀሽ ቢኖራቸው ለአንዱ የተሰጠው ፊርማ ለሌላውም ይሠራል። ስለዚህ የሀሽ ኮድ ስህተት በኮምፒውተር ውስጥ ተወስኖ አይቀርም፤ የሰው ንብረትና ስም ላይ ይደርሳል።

የሲያትል ድርሻ

የአሜሪካዋ ከተማ ሲያትል በሀሽ ኮድ ፍተሻ ታሪክ ውስጥ ቀጥተኛ ድርሻ አላት። እ.ኤ.አ. በ2004 ቻይናዊቷ ተመራማሪ ዋንግ ሺያዩንና ባልደረቦቻቸው ኤምዲ5 የተባለውን የሀሽ ስልት ሰበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ሻ-1 በተባለው ስልት ላይም ብርቱ ጥርጣሬ ወደቀ። በዚህ የተነሣ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭር አጠራሩ ኒስት፣ በኖቬምበር 2007 አዲስ ስልት ለመምረጥ ዓለም አቀፍ ውድድር ከፈተ። እስከ ኦክቶበር 2008 መጨረሻ 64 ሥራዎች ገቡ።

ከነዚህ አንዱ ስኬይን ይባላል። የነደፉት ስምንት ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው ታዳዮሺ ኮኖ በዚያን ጊዜ ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር፤ ኒልስ ፈርጉሰን ደግሞ ከዋሽንግተን ሐይቅ ማዶ፣ ሬድመንድ ባለው ማይክሮሶፍት ይሠሩ ነበር። ስኬይን በዲሴምበር 2010 ለመጨረሻው ዙር ካለፉት አምስት ሥራዎች አንዱ ሆነ። በኦክቶበር 2012 ያሸነፈው ኬቻክ የተባለው ነው፤ ዛሬ ሻ-3 የምንለው እሱን ነው። ፈርጉሰን በ2006 መጨረሻ የጀመሩት ሲምክሪፕት የተባለ የሲ ላይብረሪም ዛሬ ዊንዶውስ ለምስጠራ ሥራው የሚጠቀምበት ነው፤ በ2019 ኮዱ ለሕዝብ ተከፍቷል።

የውድድሩ ደንብ ለፍተሻ ትልቅ ቦታ ሰጥቶ ነበር። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ከንድፉ ጋር በሲ ቋንቋ የተጻፈ ማመሳከሪያ ኮድ፣ ከኮዱም ጋር ለተሰጡት መልእክቶች የሚወጣውን ውጤት ማቅረብ ነበረበት። ጸሐፊዎቹ በሙያው የታወቁ ሰዎች ናቸው፤ ኮዱንም ዓለም ሁሉ እንደሚያነበው ያውቁ ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ በ2018 በታተመ ጥናት፣ በኒስት ይሠሩ የነበሩት ኒኪ ሙሃና ባልደረቦቻቸው እነዚያን ማመሳከሪያ ኮዶች በአዲስ የፍተሻ ዘዴ መረመሯቸው። ከ86 ኮዶች በ41ዱ ላይ ስህተት ተገኘ። ከአምስቱ የመጨረሻ ተወዳዳሪዎች አንዱ በሆነው በብሌክ ኮድ ውስጥ የነበረው ስህተት ሰባት ዓመት ሙሉ ሳይታይ የኖረ ነበር፤ መልእክቱን ለውጦ ሀሹ ግን ሳይለወጥ እንዲቀር የሚያደርግ ቀላል መንገድ ይከፍት ነበር። ንድፉ ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው ኮዱ ነው። የስልቱ ጥንካሬና የኮዱ ትክክለኛነት ለየብቻ መረጋገጥ ያለባቸው ጉዳዮች ናቸው።

ስህተቱ የት ይደበቃል?

ይህን ለመረዳት የሻ-256ን ኮድ በሁለት ከፍሎ ማየት ይጠቅማል። አንዱ የመደባለቂያው ክፍል፣ ሌላው የመረከቢያው ክፍል ነው።

የመደባለቂያው ክፍል 64 ባይት የሆነ ብሎክ ተቀብሎ በ64 ዙር፣ በ64 ቋሚ ቁጥሮች እየታገዘ ቢቶቹን ያዞራል፣ ይደምራል፣ ያቀላቅላል። አስፈሪ ይመስላል፤ ግን ስህተት ለመደበቅ የማይመች ቦታ ነው። ከቋሚ ቁጥሮቹ አንዱ በአንድ አሃዝ ቢሳሳት ወይም 7 ቢት መዞር የነበረበት 8 ቢዞር የሁሉም መልእክት ውጤት ይበላሻል። በኒስት የታተመው የመጀመሪያው ምሳሌ «ኤቢሲ» የሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው፤ ውጤታቸው በ«ቢኤ7816» ይጀምራል። ኮዳችን ለነዚህ ፊደላት 64ቱንም ምልክት በትክክል ካወጣ የመደባለቂያው ክፍል በደንብ ተጽፏል ብሎ ማመን ይቻላል።

የመረከቢያው ክፍል ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን መልእክት ተቀብሎ በ64 ባይት የሚከፋፍለው ነው። መልእክቱ አንድ ጊዜ በሙሉ ሊመጣ ይችላል፤ ከኔትወርክ እየተንጠባጠበም ሊመጣ ይችላል። ኮዱ 64 እስኪሞላ ያጠራቅማል፤ ሲሞላ ወደ መደባለቂያው ይልካል፤ የተረፈውን ይዞ ቀጣዩን ይጠብቃል። መልእክቱ ሲያልቅ አንድ የ1 ቢት ጨምሮ ባዶውን በዜሮ ይሞላል፤ በመጨረሻዎቹ 8 ባይቶች ላይ የመልእክቱን ርዝመት ይጽፋል። ሥራው ተራ ቆጠራ ነው፤ ስህተት በብዛት የሚደበቀውም እዚሁ ነው። ምክንያቱም እዚህ ያለ ስህተት የሚነቃው በተወሰነ ርዝመት፣ በተወሰነ አከፋፈል ወይም በተወሰነ ዓይነት ባይት ላይ ብቻ ነው። ሦስት ባይት ብቻ የሆነው «ኤቢሲ» ከዚህ ክፍል ጥቂቱን ነው የሚነካው። በ«ኤቢሲ» ተፈትኖ ያለፈ ኮድ ገና ግማሹ እንኳ አልተፈተነም የምለው ለዚህ ነው።

የሚጠበቀው መልስ ከየት ይምጣ?

ፍተሻ ማለት ከኮዱ የወጣውን መልስ ከሚጠበቀው መልስ ጋር ማስተያየት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚጠበቀው መልስ ምንጭ ነው። አንዳንድ ጀማሪ ኮዱን ያስኬድና የወጣውን ውጤት «ትክክለኛ መልስ» ብሎ ያስቀምጠዋል። ይህ ኮዱ ነገም እንደ ዛሬው እንደሚሠራ ያሳያል እንጂ ዛሬ ትክክል መሆኑን አያሳይም። መልሱ መምጣት ያለበት ደረጃውን ካወጣው ተቋም ሰነድ ወይም ሌላ ሰው ለብቻው ከጻፈው ኮድ ነው።

«ለብቻው» የምትለዋ ቃል ክብደት አላት። በኦክቶበር 2022 በኬቻክ ቡድን በራሱ የሻ-3 ኮድ ውስጥ ሚሞሪን የሚጥስ አደገኛ ስህተት እንዳለ ይፋ ሆነ፤ ያገኙት እነዚያው ሙሃ ናቸው። ስህተቱ ከ2011 ጀምሮ የነበረ ነው። ፓይተንና ፒኤችፒ የተባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች ሁለቱም ኮዱን ከዚያው ምንጭ ስለወሰዱ ስህተቱንም አብረው ወስደዋል። አንድ ሰው የፓይተኑን ውጤት ከፒኤችፒው ጋር ቢያስተያይ ሁለት ምስክር ያገኘ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ያገኘው አንድ ብቻ ነው።

ድንበር ላይ መቆም

ቀጥሎ የሚመጣው የርዝመት ፍተሻ ነው። ርዝመቶች ሁሉ እኩል አይደሉም። 55 ባይት የሆነ መልእክት ከ1 ባይት ምልክትና ከ8 ባይት የርዝመት ጽሑፍ ጋር ልክ 64 ይሞላል፤ በአንድ ብሎክ ያልቃል። 56 ሲሆን ግን ርዝመቱን የሚጽፍበት ቦታ ስለሚጠብ ሁለተኛ ብሎክ ያስፈልገዋል። ኒስት በምሳሌነት ያወጣው ሁለተኛው መልእክት ልክ 56 ባይት መሆኑ ይህን ድንበር የሚያስፈትን ነው። 63፣ 64 እና 65 ሌላው ድንበር ናቸው፤ 119 እና 120 ደግሞ በሁለተኛው ብሎክ መጨረሻ ተመሳሳዩን ጥያቄ ያነሣሉ። ባዶ መልእክትም መረሳት የለበትም፤ ዜሮ ባይት ያለው መልእክት የራሱ የታወቀ ሀሽ አለው። በጣም የሚመከረው ከ0 እስከ ጥቂት መቶ ባይት ያለውን ርዝመት በሙሉ አንድ ሳይዘሉ መፈተን ነው። ማሽኑ ይህን ሁሉ ለመጨረስ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም።

ከርዝመት ቀጥሎ አከፋፈል ይመጣል። አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ቢላክ፣ ባይት በባይት ቢላክ፣ ወይም 1 ባይት ከዚያ 64 ባይት ከዚያ የተረፈው ቢላክ ሀሹ አንድ መሆን አለበት። የብሌክ ስህተት ያመለጠው እዚህ ነው፤ መልእክቱ በአንድ ጊዜ ሲገባ ኮዱ ትክክል ነበር፣ በተወሰነ አኳኋን ተቆራርጦ ሲገባ ግን ይሳሳት ነበር። ይህ ፍተሻ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሚጠበቀውን መልስ አስቀድሞ ማወቅ አያስፈልግም። ሁለቱ አከፋፈሎች የተለያየ ውጤት ከሰጡ ቢያንስ አንዱ ስህተት ነው።

የሙሃ ቡድን ሁለት ተጨማሪ ፍተሻዎች ተጠቅሟል። በአንደኛው ከመልእክቱ አንዲት ቢት እየለወጡ ሀሹ መለወጡን ያያሉ፤ ካልተለወጠ ኮዱ ያቺን ቢት አላነበባትም ማለት ነው። በሁለተኛው ከመልእክቱ መጨረሻ ቀጥሎ በሚሞሪ ላይ ያለውን ቢት ይለውጣሉ፤ ሀሹ ከተለወጠ ኮዱ የራሱ ያልሆነውን አንብቧል ማለት ነው። አንደኛው ኮዱ ሁሉንም ማንበቡን ይመሰክራል፤ ሁለተኛው ከድንበሩ አለማለፉን።

ፊደላችን ለምን ጥሩ ፈታኝ ሆነ?

የእንግሊዝኛ ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ ከ128 በታች በሆኑ ባይቶች ይጻፋሉ። የእኛ ፊደል እንዲህ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ሦስቱም ከ127 በላይ ናቸው። «ሀ» ለምሳሌ 225፣ 136 እና 128 ነው። «ሰላም» ለዓይን ሦስት ፊደል ሲሆን ለኮዱ ዘጠኝ ባይት ነው።

ይህ በሲ ቋንቋ ውስጥ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚያዘው ቻር በሚባል የመረጃ ዓይነት ነው። ቻር አሉታዊ ቁጥር ይያዝ ወይስ አይያዝ የሚለውን የሲ ደረጃ አልወሰነውም፤ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ለሚተረጉመው ኮምፓይለር ትቶታል። በተለመዱት የኢንቴል ማሽኖች ላይ ከ-128 እስከ 127 ይይዛል፤ በሊኑክስ በሚሠሩ የአርም ማሽኖች ላይ ደግሞ በብዛት ከ0 እስከ 255። ስለዚህ 225 የነበረው ባይት በኢንቴሉ ላይ -31 ተብሎ ይነበባል። ይህ ቁጥር ወደ 32 ቢት ሲሰፋ ከላይ ያሉት 24 ቢቶች ሁሉ 1 ይሆናሉ። ኮዱ አራት ባይቶችን በአንድ 32 ቢት ቁጥር ውስጥ ሲያሰልፍ ያ አንድ ባይት ቀድመውት የገቡትን እስከ ሦስት ባይቶች ይደመስሳቸዋል።

ይህ በእውን የደረሰ ነገር ነው። በጁን 2011 ክሪፕት ብሎውፊሽ በተባለው የይለፍ ቃል ሀሽ ኮድ ውስጥ ልክ ይህ ስህተት መኖሩ ታወቀ። ኮዱ በፒኤችፒ ውስጥም ይገኝ ነበር። ከአስር ዓመት በላይ ያልታየው በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የይለፍ ቃል የሚያወጣ ሰው ፈጽሞ ስለማያገኘው ነው። የተጎዱት ከዚያ ፊደል ውጭ የሚጽፉ ናቸው፤ የይለፍ ቃላቸው ከታሰበው በላይ ለመገመት ቀላል ሆኖ ነበር። በአማርኛ ወይም በትግርኛ የተጻፈ አንድ የፍተሻ መልእክት ቢጨመር ኖሮ ወዲያው ይያዝ ነበር።

ፊደላችን ሌላም ጥቅም አለው። 64 ለ3 እኩል አይካፈልም። ያለ ክፍተት በተከታታይ የተጻፈ 21 ፊደል 63 ባይት ይሆናል፤ 22ኛው ፊደል አንድ ባይቱ በመጀመሪያው ብሎክ፣ ሁለቱ በሁለተኛው ብሎክ ይወድቃሉ። የፊደል ብዛትን ከባይት ብዛት ጋር የሚያምታታ ኮድ እዚህ ይጋለጣል። በውስጡ ዜሮ ባይት ያለበት መልእክትም መጨመር አለበት። የሲ የጽሑፍ ርዝመት መለኪያ ዜሮ ባይት ሲያገኝ ጽሑፉ አለቀ ብሎ ይቆማል፤ ፎቶ ወይም ፒዲኤፍ ግን በመካከሉ ዜሮ ባይት ሊኖረው ይችላል።

በጣም ትልቅ መልእክት

ደረጃው አንድ ሚሊዮን ጊዜ የተደጋገመ አንድ ፊደል በምሳሌነት ያቀርባል። ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። ርዝመቱ የሚጻፈው በቢት ነው። ኮዱ የቢቱን ብዛት በ32 ቢት ቁጥር ከያዘው ቆጣሪው 512 ሜጋባይት ላይ ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል። በባይት ከያዘው ደግሞ 4 ጊጋባይት ላይ፣ ይኸውም 4,294,967,296 ባይት ላይ ይሞላል። የውድድሩ ትልቁ የፍተሻ መልእክት 1 ጊጋባይት ስለነበር የመጀመሪያውን ድንበር ያልፋል፤ ሁለተኛውን አይነካም። በ2022 የተገለጠው የሻ-3 ስህተት የሚነሣው በትንሽ ቁራጭ ላይ 4 ጊጋባይት የሚጠጋ ቁራጭ ሲከተል ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2019 በአፕል ላይብረሪ ውስጥ ከነበሩት 12 የሀሽ ኮዶች 11ዱ ይህን ያህል ትልቅ መረጃ ሲሰጣቸው ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ እንደሚገቡ ተደርሶበት ተስተካክሏል። ዛሬ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ይህን መጠን ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ያለ ፍተሻ ጊዜ ስለሚወስድ በየለውጡ ባይካሄድም አዲስ እትም ከመውጣቱ በፊት መካሄድ ይገባዋል።

ማሽንና ኮምፓይለር

የሲ ቋንቋ ለፕሮግራመሩ ብዙ ነጻነት ይሰጣል፤ የነጻነቱም ዋጋ አለው። 32 ቢት የሆነን ቁጥር በ32 ቢት መግፋት፣ አሉታዊ መሆን የሚችልን የቁጥር ዓይነት ከወሰኑ በላይ ማሳደግ፣ ባልተሰለፈ አድራሻ ላይ አራት ባይት በአንድ ጊዜ ማንበብ፣ እነዚህን ሲያገኝ ኮምፓይለሩ ምን እንደሚያደርግ ቋንቋው ዋስትና አይሰጥም። ኮምፓይለሩ ሳያፋጥነው ትክክል የነበረ ኮድ ሲያፋጥነው ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ጂሲሲና ክላንግ በተባሉት ሁለት ኮምፓይለሮች፣ ያለ ማፋጠኛና ከማፋጠኛ ጋር፣ ሁሉም ሙከራ እንዲደገም ያስፈልጋል። በሁለቱም ኮምፓይለሮች ውስጥ ሳኒታይዘር የሚባሉ መሣሪያዎች አሉ፤ ኮዱ እየሄደ ከተፈቀደለት ሚሞሪ ሲወጣ ወይም ዋስትና የሌለው ስሌት ሲሠራ ወዲያው ያስቆሙታል።

የባይት አሰላለፍም አለ። ሻ-256 ትልቁን ባይት ያስቀድማል፤ ዛሬ በእጃችን ያሉት የኢንቴልና የአርም ማሽኖች ትንሹን ያስቀድማሉ። ኮዱ ይህን ልዩነት በትክክል መያዙ የሚረጋገጠው በሁለቱም ዓይነት ማሽን ላይ በመሞከር ነው፤ ማሽኑ ባይገኝ በኪዩኢሙ ዓይነት አስመሳይ ሶፍትዌር መሞከር ይቻላል። ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች ለሻ-256 የራሳቸው ፈጣን ትእዛዝ ስላላቸው ላይብረሪዎች በርካታ መንገድ ይጽፉና እንደ ማሽኑ ይመርጣሉ። ፈታሹ እያንዳንዱን መንገድ አስገድዶ ማስኬድ አለበት፤ አለዚያ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያልተመረጠው መንገድ ሳይፈተን ለተጠቃሚ ይደርሳል።

ፍተሻውን መፈተን

ፍተሻችን ራሱ ብርቱ መሆኑን በምን እናውቃለን? ኮዱን ሆን ብሎ በማበላሸት። አንዱን ድንበር ከ56 ወደ 57 እንለውጥ፤ አንዱን ቋሚ ቁጥር እንንካ፤ ቆጣሪውን ከ64 ቢት ወደ 32 እናውርድ። ከዚያ ፍተሻውን እናስኪድ። ያበላሸነውን ሁሉ ከያዘ እምነት ይጣልበታል። አንዱ እንኳ ካመለጠው የጎደለው ሙከራ የቱ እንደሆነ በዚያው ታወቀ ማለት ነው።

ኒስት የሚጠቀምበት ሞንቴ ካርሎ የተባለ ፍተሻም እዚህ ይረዳል። ቀደም ሲል የወጣ ውጤት ለቀጣዩ ሀሽ መልእክት ይሆናል፤ እንዲህ እየተያያዘ 100,000 ጊዜ ይደገማል። በመሃል አንድ ጊዜ የተፈጠረ ስህተት ወደ ፊት ሁሉ ስለሚተላለፍ መጨረሻው ላይ ይገለጣል። ሆኖም መልእክቶቹ ሁሉ አንድ ርዝመት ስለሆኑ የድንበሩን ፍተሻ አይተካም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሆነው ደረጃ የሒሳብ ማረጋገጫ ነው። እዚህም ላይ ሲያትል ትመጣለች። ዋና መሥሪያ ቤቱ በከተማዋ የሆነው አማዞን ኤዲብልዩኤስ-ኤልሲ የተባለ ክፍት የምስጠራ ላይብረሪ አለው። የአማዞን ባለሙያዎች ከጎረቤት ኦሪገን ፖርትላንድ ካለው ጋሎይስ ከተባለ ኩባንያ ጋር ሆነው በላይብረሪው ያለው ሻ-384 የተባለው የሀሽ ስልት ኮድ ከሒሳባዊ ትርጓሜው ጋር መስማማቱን በማሽን የታገዘ ማረጋገጫ ሠርተውለታል፤ ሥራው በ2021 ታትሟል። ሙከራ የሚመሰክረው ለተሞከሩት መልእክቶች ነው፤ ማረጋገጫ በተቀመጠለት ወሰን ውስጥ ላሉት ሁሉ ይመሰክራል። ግን ማረጋገጫውም ከተነሣባቸው ግምቶች ውጭ ያለውን ስለማያይ ሙከራው አይቀርም። ሁለቱ ተደጋግፈው ይቆማሉ።

ውጤቱን ማንበብ

የመጨረሻው ትምህርት ከኮድ ይልቅ የሥራ ልማድን ይመለከታል። በኦገስት 2011 ፒኤችፒ 5.3.7 ሲወጣ በኤምዲ5 የሚሠራው የይለፍ ቃል ስሌት ሀሹን ትቶ ከፊቱ የሚጨመረውን ጨው የተባለ ክፍል ብቻ ይመልስ ነበር። በዚህ መንገድ የተመዘገበን ሰው መዝገብ በማንኛውም የይለፍ ቃል መክፈት ይቻል ነበር። በቀናት ውስጥ 5.3.8 ወጥቶ አስተካከለው። ይህን ስህተት የሚይዝ ሙከራ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር፤ ወድቆም ነበር። ግን ሲወድቁ የከረሙ ሌሎች ሙከራዎች ብዙ ስለነበሩ በመካከላቸው ሳይታይ አለፈ። አንድም የወደቀ ሙከራ እያለ ኮድ እንዳይወጣ የሚል ደንብ የሌለው ቡድን የጻፋቸው ሙከራዎች ድካም ብቻ ይሆናሉ።

ከሲያትል እስከ አዲስ አበባ ኮድ የሚጽፉ ወጣቶቻችን ብዙ ናቸው። ለነሱ የምለው ሁለት ነገር ነው። ለሕዝብ በሚቀርብ ሥራ ላይ ራሳችሁ የጻፋችሁትን የሀሽ ኮድ አታስገቡ፤ ተፈትኖ የቆየውን ላይብረሪ ተጠቀሙ። ለመማር ግን ጻፉት፤ እዚህ በተዘረዘረው ቅደም ተከተል ከባዶ መልእክት እስከ 4 ጊጋባይት ፈትኑት። ሁለተኛው፣ ሲምክሪፕትም ኤዲብልዩኤስ-ኤልሲም ኮዳቸው ክፍት ነው፤ የሙከራ ፋይሎቻቸውን ማንም ገብቶ ማንበብ ይችላል። የምትጠቀሙበትን ላይብረሪ ሙከራዎች አንብቡ፤ ከ127 በላይ የሆነ ባይት፣ ባልተለመደ አኳኋን የተቆራረጠ መልእክት ወይም በፊደላችን የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ከጎደለ ጽፋችሁ አቅርቡ። ተጠቃሚው የሀሹን ስህተት በዓይኑ ሊያይ አይችልም፤ ሊያይለት የሚችለው ሙከራውን የጻፈው ሰው ብቻ ነው።